ከአምስተኛ ፎቅ በላይ

የሕንፃው ጠባቂ፣ ባለቁልፉ፣ የሊፍቱን ማብሪያ አጥፍቶ «በጥገና ላይ» የሚለውን ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ። ሊፍቱ ጤነኛ ነበር። ጉልበቱን የሚያመው የእሳት አደጋ መርማሪ በሚመጣበት ቀን ግን ይታመማል፤ መርማሪው ደረጃ እንዳይወጣ የሕንፃው ባለቤት የፈጠረው ዘዴ ነው፣ አምናም ሠርቶለታል።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የእሳት ማጥፊያው ውሃ ከምድር ቤቱ ታንከር በፓምፕ ተገፍቶ በአንድ ወፍራም ቧንቧ እስከ ስምንተኛ ፎቅ ይወጣል፤ በየፎቁም ጎማ የተጠቀለለበት ቀይ ሳጥን አለ። አንድ ቀን ስድስተኛ ፎቅ ላይ መጋጠሚያው አፈሰሰና ከሥር ያለውን የጥርስ ሐኪም ጣሪያ አበላሸ። ባለቤቱ ባለቁልፉን «ለዛሬ ዝጋው» አለው፤ እሱም አምስተኛ ፎቅ ያለውን የውሃ መዝጊያ ቫልቭ ዘጋ። ዛሬ ነገ ሲባል ሁለት ዓመት ሞላ። ከቫልቩ በታች ውሃው እንደ ጉድ ይወረወራል፤ ከዚያ በላይ ያሉት ሳጥኖች ግን ለዓይን ብቻ ናቸው። ባለቁልፉ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚኖርባት ከሕንፃው ጀርባ ያለችው ክፍል የባለቤቱ ስለሆነች፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀምጧል።

አራተኛ ፎቅ ላይ ሳጥኑን ሲወለውል የሰባተኛ ፎቅ ልብስ ሰፊ ሴቶች እያለከለኩ አለፉ። የመጨረሻዋ ነፍሰ ጡር ናት፤ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች።

«አንተ ንጹሕ ልብስ በለበስክ ቁጥር ነው እንዴ ይሄ ሊፍት የሚታመመው?»

«እረፊ እህቴ፣ ቀስ ብለሽ ትወጫለሽ።»

«መውጣቱስ ይሁን። እኔን የሚያሳስበኝ እሳት ቢነሳ ነው፤ በዚህ ሆዴ ሮጬ አልወርድ። ለዚህ ብዬ የስፌት መኪናዬን ወደ ቀዩ ሳጥን አስጠግቻለሁ። በየሳምንቱ ስትወለውለው አያለሁኮ። እንደዚህ የሚጠበቅ ነገር አያሳፍርም።»

አመስግናው ተነሥታ ወጣች። እሱ ጨርቁን እንደያዘ ቀረ፤ በገዛ እጁ ያሳመረው፣ ውሃ የማይመጣበት ሳጥን ሴትዮዋን እንዳሞኛት ገባውና አፈረ።

መርማሪው አርፍዶ መጣ። ፓምፑን አስነሳ፣ የግፊት መለኪያውን አየ፣ የምድር ቤቱን ጎማ አስፈታ። ውሃው የመኪና ማቆሚያውን አጥለቀለቀው። ባለቤቱ፣ «ላይ ያለውም ከዚህ አይለይም» እያለ ወንበር አቀረበለት። መርማሪው ደረጃውን ቀና ብሎ አየ፣ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገና ብዕሩን አወጣ። ለወጉ ያህል ወደ ባለቁልፉ ዞረ።

«ላይም እንዲሁ ነው አይደል?»

ባለቤቱ ዓይኑን ተከለበት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ባለቁልፉም ይህን አላጣውም። አዎ ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«አይደለም፣ ጋሼ። ከአምስተኛ ፎቅ በላይ ጠብታ የለም። ቫልቩ ተዘግቷል።»

ባለቤቱ ሊስቅ ሞከረ፤ ይሄ ሰው ቀልድ ይወዳል አለ። መርማሪው አልሳቀም።

«ማነው የዘጋው?»

ባለቤቱ ጫማውን ማየት ጀመረ። ባለቁልፉ ትንሽ ጠበቀው፤ ሰውየው ግን ቀና አላለም።

«እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። ስሜን ይጻፉት» አለ። «እኔ ግን አስቀድሜ ሰባተኛ ፎቅ ላሉት ሴቶች ልንገራቸው።»

መልሱን ሳይጠብቅ ደረጃውን ተያያዘው።