የግንበኛው ጠጠር

ግንበኛው አማቱን ከማክበሩ የተነሣ ይፈራቸው ነበር። ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን በገበያ ንግድ ያሳለፉ፣ ድምፃቸው ከሦስት ቤት ወዲያ የሚሰማ ናቸው። ልጃቸው ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ “ባሌን አደራ” ብላቸው ነበርና፣ ያን ቀን ጧት ግንበኛው ጎኑን ይዞ ወለሉ ላይ ሲንከባለል ያገኙት እሳቸው ናቸው።

“ምን ነካህ ልጄ?”

“ጀርባዬን ነው እማማ። ትናንት ድንጋይ ሳነሣ…”

“አታታልለኝ! ጀርባውን ያመመው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ሲመላለስ አያድርም።”

ግንበኛው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። በአማት ፊት የሽንት ወሬ! ሕመሙ ግን ከወገቡ ተነሥቶ ወደ ብሽሽቱ እንደ ጦር ይወጋዋል፤ ሽንቱም ሥጋ የታጠበበት ውሃ መስሏል። ሳይወድ በግዱ ተከትሏቸው ሐኪም ቤት ሄደ።

“ሲሸኑ ያቃጥልዎታል?” አለች ሐኪሟ።

ግንበኛው ጫማውን ማየት ጀመረ።

“እንዴታ!” አሉ አማቱ። “ሲያቃስት በበሩ እሰማው የለም እንዴ!”

ሽንቱ ተመረመረ፤ ደም እንጂ ኢንፌክሽን የለበትም። ቀጥሎ አልትራሳውንድ ተነሣ። ሐኪሟ የማሽኑ ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አሳየችው።

“ይቺ ጠጠር ናት። ከኩላሊት ወርዳ፣ የሽንት ፊኛው ውስጥ ልትገባ ስትል ቧንቧው ላይ ተሰንቅራለች። ትንሽ ስለሆነች ያለ ቀዶ ሕክምና ትወጣለች ብዬ አስባለሁ።”

“ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ጠርቤ፣ በጠጠር ልሸነፍ?”

“ውሃ ጠጣ ስልህ ብትሰማ ኖሮ!” አሉ አማቱ።

“እውነታቸውን ነው” አለች ሐኪሟ እየሳቀች። “ፀሐይ ላይ እየዋሉ ውሃ ካልጠጡ ሽንት ይወፍራል፤ ጨዉ እየረጋ ጠጠር ይሆናል።”

የማስታገሻ መርፌ ተወጋ፤ ቧንቧውን የሚያላላ ኪኒንም ታዘዘለት። “ሲሸኑ በማጥለያ ያጥልሉት። ስትወጣ ይዘዋት ይምጡ፤ ከምን እንደተሠራች ላቦራቶሪው ያይልናል። ትኩሳት ከመጣ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ግን ጊዜ አይስጡት፣ ወዲያው ይምጡ።”

ቤት ሲደርሱ አማቱ ጓዳ ገብተው በሻይ ማጥለያ ተመለሱ።

“እማማ፣ ይሄ እኮ የሚሳሱለት ማጥለያ ነው!”

“አሁን ያንተ ሆኗል። መልሰህ እንዳትሰጠኝ ብቻ!”

ግንበኛው ለመጀመሪያ ጊዜ በፊታቸው ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሽንት ቤት በገባ ቁጥር አማቱ ከበሩ አጠገብ አይጠፉም። “መጣች?” ይላሉ። መጀመሪያ በሳል ብቻ ይመልስ ነበር፤ እያደር “ገና!” ማለት ጀመረ፤ በመጨረሻም “ኮርታብናለች እማማ!” እያለ ይጮህ ጀመር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ያ ጦር አንዴ ወጋውና ድንገት ለቀቀው። ማጥለያው ላይ የሆነ ነገር ቀጭ አለ።

“እማማ! ተገላገልን!”

አማቱ እልልታቸውን አቀለጡት። ጎረቤቷ ነጠላ ጫማዋን ሳታስተካክል እየሮጠች መጣች።

“እሰይ! ማን ወለደ?”

“የልጄ ባል!”

“እ? ወንድ ነው ሴት?”

“ጠጠር!”

ጎረቤቷ አጎንብሳ አየቻት። ከምስር ፍሬ ታንሳለች። “ይቺ ናት ይሄን የሚያህል ሰውዬ ያንከባለለችው?” ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

በዚያው መሐል ስልኩ ጠራ፤ ሚስቱ ናት። “ምንድን ነው ጫጫታው? ደኅና ናችሁ?” ግንበኛው ከውጋቱ እስከ ሽንቱ ቀለም፣ ከኩላሊቱ እስከ ፊኛው፣ አንድ ሳያስቀር በጎረቤትና በአማት ፊት ዘረገፈው። አማቱ ስልኩን ነጠቁት።

“በይ ቶሎ ነይ ልጄ! ባልሽ አፉን ፈቷል፤ እኔም ጨዋታውን ወድጄለታለሁ።”

ስልኩን ዘግተው ብርጭቆውን በውሃ ሞልተው አቀበሉት። ግንበኛው አንድም ጠብታ ሳያስቀር ጨለጠው።