ባዶ የቀረው ካርድ

«ኧረ እህቴ፣ አንዴ እንኳ አረፍ በይ» አለቻት ታናሿ። ታላቅየዋ ባሏን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ለለቀስተኛው ወንበር ታቀርባለች፣ ያቀረበችውን መልሳ ታነሳለች፣ የተወለወለውን ጠረጴዛ እንደገና ትወለውላለች። ቁጭ ካለች ሐሳብ ይወጥራታል።

ዕረፍት የነሳት ከባሏ ኮት ኪስ ያገኘችው ካርድ ነው። ባሏ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ነበር፤ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ቃል ሲለቅም ኖሮ ለገዛ ቤቱ ቃል ያልተረፈው ሰው። በየካርዱ አንድ ቃል፣ ከሥሩ ፍቺ፣ ከዚያ ምሳሌ ይጽፋል። ይህኛው ካርድ ጠርዙ ተበልቷል። «ደም ግባት፦ ከመልክ ማማር በላይ ፊትን የሚያስወድድ ውበት» ይላል። የምሳሌው ቦታ ባዶ ነው።

በተጋቡ ሰሞን አዲስ ቀሚስ ለብሳ «እንዴት ነኝ?» ብትለው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገና «ልክሽ ነው» አላት። ያን ቀን ስቃ አለፈችው። በኋላ መጠየቁንም ተወችው። አሁን ግን ካርዱን ደጋግማ ታየዋለች። ለዚህ ቃል ምሳሌ ሲፈልግ እኔ እንኳ ትዝ አላልኩትም?

ከሰዓት በኋላ የመዝገበ ቃላቱ አራሚ መጣ፤ ከባሏ ጋር አንድ ቢሮ ውስጥ ያረጀ ሰው ነው። አጽናንቷት ሳይጨርስ ካርዱን እጁ ላይ አኖረችው።

«ይሄን ለምን ባዶ ተወው?»

አራሚው አቀርቅሮ ነገራት። ሟቹ አንድ ደንብ ነበረው፤ ሰው በአፉ ያልተናገረውን ምሳሌ አይጽፍም። ከራስ ፈጥሮ መጻፍን እንደ ውሸት ይቆጥረው ነበር።

«ምሳሌውን ካገኘው አራት ዓመቱ ነው» አላት። «‘ሚስቴ ደም ግባት አላት’ የሚል፤ ‘እሷ ሳትሰማው ግን አልጽፈውም’ ይል ነበር። ማታ ማታ ‘ዛሬ እነግራታለሁ’ ብሎ ካርዱን ኪሱ ከቶ ይወጣል። ጠዋት ባዶውን ይዞት ይመጣል። ያፍር ነበር።»

ታናሿ ልትደግፋት ተነሳች። እሷ ግን አልወደቀችም። ባሏ ጠጉሩ ሳስቶ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ እንኳ በር ከፍቶ ሲገባ ፊቱን ማየት ደስ ይላት ነበር።

«እኔስ መቼ ነገርኩት» አለች።

ከክፍሉ መሐል ቆመች።

«ባሌ ደም ግባት ነበረው» አለች፣ በር ላይ የተቀመጡትም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ከዚያ ወደ አራሚው ዞረች። «ይጻፉት።»

አራሚው ብዕሩን አወጣ። እሱ ሲጽፍ ካርዱ እንዳይንሸራተት በሁለት ጣቷ ያዘችለት።