የሀቢሶ ወለል

ሁለተኛው ባልዲ ሳሎኑ መካከል ሲደፋ በለጥሽ ፍራሿ ላይ እንደተቀመጠች እግሯን ሰበሰበች። ውሃው ከበሩ ወደ መስኮቱ በዝግታ ተዘርግቶ በጣውላዎቹ መጋጠሚያ ውስጥ እየሰረገ ሲጠፋ ዓይኗ ተከተለው። የባሏ ታላቅ እህት ኤልሳቤት ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ ወለሉን በጠንካራ መጥረጊያ ትፈትገዋለች። ማልደው የደረሱት ለቅሶ ደራሾች ወንበራቸውን ይዘው ወደ ኮሪደሩ ሸሽተዋል፤ እዚያም ሆነው እንዲህ ያለች እህት ማግኘት መታደል መሆኑን በሹክሹክታ ይነጋገራሉ።

በለጥሽ ግን የምታየው ሌላ ነበር። በበሩ አጠገብ ያሉ ሁለት ጣውላዎች ጠርዛቸው ማበጥ ጀምሯል። ላሚኔት ከላይ ሲያዩት እንጨት ይመስላል እንጂ ውስጡ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ነው፤ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ አንዴ ካበጠም ወደ ነበረበት አይመለስም። ኤልሳቤት ደግሞ ጠዋት ያጠበችውን ማታ ትደግመዋለች። በዚህ አያያዝ ለቅሶው በጸሎት እስኪዘጋ ድረስ ወለሉ እንደማይተርፍ በለጥሽ ተረድታለች።

ልጇ ዝማሬ ከቴርሞሱ ቡና ቀድታ ስታቀብላት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ማሚ፣ ወይ ንገሪያት ወይ እኔ ልንገራት።»

«ዝም በይ። ባሏ ሞቶ ስለ ወለል የምትጨነቅ ሴት ልባል?»

«ወለሉ እኮ የዳዲ ነው፣ ማሚ። ጀስት ወለል አይደለም።»

በለጥሽ ቡናውን ሳትቀምሰው ያዘችው። ልጅቷ እውነቷን ነበር። የባሏ የሀቢሶ አስከሬን በቤተ ክርስቲያኑ ምእመናን ርዳታ ወደ ሆሳዕና ተልኳል። ሚስትም እህትም ሊሸኙት አልቻሉም፤ በእጃቸው ያለው የስደተኝነት ወረቀት ወደ አገር ቤት ለሄደ ሰው መመለሻ አይሰጥም። ስለዚህ በዚህ በስደት ከተማ፣ በሮዘተንቪል ሰፈር ባለው ቤት የሚለቀስበት መቃብር የለም። የሀቢሶ እጅ ያረፈበት ነገር ቢፈለግ፣ ያለው ይኸው ሰዎች የተቀመጡበት ወለል ነው።

ሀቢሶ አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ የመንደር ሱቅ ሲከፍት ከመደርደሪያው ጀርባ፣ በዱቄት ከረጢቶችና በለስላሳ ሣጥኖች መካከል፣ ሲሚንቶ ላይ ካርቶን አንጥፎ ለዓመታት ተኝቷል። የሰኔ ብርድ ከሲሚንቶው ተነሥቶ በእግሩ ጣቶች ይገባበት ነበር። ኋላ ይህን ቤት ሲገዙ ጓደኞቹ ሁሉ ሴራሚክ እንዲያነጥፍ መከሩት፤ እሱ ግን እግር የሚነክስ ወለል ቤቴ አይገባም ብሎ እንቢ አለ። ላሚኔቱን ጭኖ አመጣና እሑድ እሑድ ከአምልኮ መልስ፣ ከረባቱን ፈትቶ፣ በጉልበቱ እየተንፏቀቀ ራሱ ገጠመው። የመጀመሪያው ሙከራ ታላቅ ውድቀት ነበር። ጣውላውን ከግድግዳው ጋር ምንም ክፍተት ሳይተው ስላጣበቀው፣ የበጋው ሙቀት ሲመጣ የሳሎኑ መካከል እንደ ግመል ሻኛ ተነሣ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጌዴዎን ለጸሎት መጥተው በሻኛው ተደናቅፈው ሶፋ ላይ በግንባራቸው ሲያርፉ፣ ሀቢሶ አንሥቷቸው ይቅርታ እየጠየቀ እንባው እስኪወርድ ሣቀ። ከዚያ ሁሉንም አፍርሶ እንደገና ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ ለወለሉ ራሱ ዘብ ሆነ። በባዶ እግሩ ይመላለስበት ነበር፤ በወር አንዴ እንኳ ሌላ ሰው አያስወለውልም። ይወለውልበት የነበረው ጠፍጣፋ መወልወያ ግን ለቅሶው በተጀመረ ዕለት፣ ለማገዝ ከመጡት ሴቶች አንዷ የግቢውን ሲሚንቶ ስትፈገፍግበት ጨርቁ ተበጣጥሶ እጀታው ተሰብሯል። በሐዘን ቤት የሚታገዝ ሰው ስለ ዕቃው አይጠይቅም፤ በለጥሽም አልጠየቀችም።

አሁን ግን ቡናውን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። በኮሪደሩ የነበረው ወሬ ተቋረጠ። ጌዴዎንን መኪናቸውን እንዲያስነሡላት ጠየቀቻቸው።

«እህት በለጥሽ፣ ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም» አሉ ጌዴዎን በለሆሳስ። «የጎደለ ካለ እኛ ምን ልንሠራ ተቀምጠናል?»

«የወለል መወልወያ ልገዛ ነው።»

አንዲት ሴት ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደርገዋል ስትል ለጎረቤቷ አንሾካሾከች። በለጥሽ ወደ ኤልሳቤት ዞረች።

«እትዬ፣ ተነሺ፣ አብረን ሄደን ምረጪልኝ። ወለሉን የያዝሽው አንቺ ነሽ።»

ኤልሳቤት የምርጫው ክብር ደስ አሰኝቷት እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ዝማሬም ተከተለቻቸው።

ጌዴዎን በከተማው ደቡብ ከሚገኝ ሰፊ የግንባታ ዕቃ መደብር ደጃፍ አቁመው መኪናው ውስጥ ቀሩ። ሦስቱ ሴቶች ጥቁር እንደለበሱ መጥረጊያና መወልወያ በተደረደረበት መተላለፊያ ገቡ። ኤልሳቤት ሳታመነታ ከሁሉ የጠነከረውን መጥረጊያ አንሥታ መዳፏን መታችበት፤ እድፍ የሚፈራው እንዲህ ያለውን ነው አለች። በለጥሽ ተቀብላት የመጥረጊያውን ፀጉር በራሷ ክንድ ላይ ጎተተችው። ነጫጭ ጭረቶች ወጡ። ክንዷን አሳየቻትና መጥረጊያውን መለሰችው። ኤልሳቤት ወፍራሙን ባለ ክር ሞፕ ስታመጣም፣ ይህ ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፣ የጠጣውንም መሬት ላይ ይተፋል ብላ ወደ ቦታው መለሰችው። የመደብሩ ሻጭ በእንፋሎት የሚሠራ ማሽን እየገፋ ቀርቦ፣ ለእማማዎቹ ከዚህ የተሻለ እንደሌለ ሊያስረዳ ሞከረ። ዝማሬ ወለሉ ላሚኔት መሆኑን በእንግሊዝኛ ስትነግረው ሣቀና ማሽኑን ይዞ ሄደ።

«ውሃም አይሆን፣ እንፋሎትም አይሆን» አለች ኤልሳቤት ወገቧን ይዛ። «ታዲያ በምን ላጽዳው? በጾም በጸሎት?»

ዝማሬ አባቷ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀች፤ ወዲያውም አፏን በእጇ ሸፈነች።

በለጥሽ ሰፊ፣ ጠፍጣፋና ለስላሳ ጨርቅ የለበሰ መወልወያ ከመደርደሪያው አወረደች።

«በዚህ። ጨርቁን ታረጥቢውና አንዲት ጠብታ እስከማይወጣው ትጨምቂዋለሽ። ስትወለውዪ ወለሉ ከኋላሽ ወዲያው መድረቅ አለበት። ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ እትዬ።»

ኤልሳቤት ጨርቁን ዳበሰች። ፊቷ ላይ የነበረው ሹፈት ቀስ በቀስ ሄደ።

«እስከ ዛሬ ታዲያ እኔ…»

በለጥሽ መደርደሪያውን ተመለከተች። «ሀቢሶ ነው በእጁ የሠራው» አለች።

ኤልሳቤት እጇን መደርደሪያው ላይ አሳረፈች። እናታቸው የሞተችው ሀቢሶ ገና ሲድህ ነበር። አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ የሆሳዕናን ጭቃ ከእግሩ ሳታጥብ አስተኝታው አታውቅም ነበር።

«ከደርባን ተጉዤ ስደርስ የአስከሬኑ ሣጥን ታሽጎ ነበር» አለች። «ገላውን ያጠቡት ሌሎች ናቸው። እኔ የማጥበው ነገር አጣሁ።»

«ዐውቃለሁ፣ እትዬ። ያልከለከልኩሽም ለዚህ ነው።»

ኤልሳቤት አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ መምረጡ ተመለሰች። አሁን ግን እንደ ሕፃን ልብስ ገዢ ነበረች፤ የአንዱን ጨርቅ ከሌላው እያስተያየች በጉንጯ ዳበሰች፣ የአንዱን መጥረጊያ ፀጉር በከንፈሯ ሞከረች፣ በመጨረሻም ከሁሉ የለሰለሰውን መጥረጊያና እጀታው የቀለለውን መወልወያ ይዛ ወጣች። ዝማሬ ግራጫው ያምራል ብትልም ኤልሳቤት ሰማያዊው ካልሆነ ብላ ተሟግታ አሸነፈች።

ከሰዓት በኋላ ከዮቪል ሰፈር የሚመጡ ለቅሶ ደራሾች ይጠበቁ ነበር። ኤልሳቤት ጨርቁን አጥብቃ ጨምቃ፣ የጣውላውን መስመር ተከትላ በዝግታ ወለወለች። ሰዎቹ እግራቸውን እያነሡ አሳለፏት። ወለሉ ከኋላዋ እየደረቀ ማር የመሰለ ቀለሙን መልሶ አወጣ። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሁለቱ ጣውላዎች በመጋጠሚያቸው ተገፋፍተው ተነሥተዋል፤ የገባ ሁሉ ያየዋል፣ ያየም ማን እንዳበላሸው ይሰማል።

«ይመለሳል?» ስትል በለጥሽን በዝግታ ጠየቀቻት።

«አይመለስም።»

የውጭው በር ተንኳኳ። በለጥሽ ከግድግዳው ሥር፣ ከሐዘንተኛዋ ቦታ ተነሣች። ፍራሿን እየጎተተች አምጥታ በሩ አጠገብ ባበጡት ጣውላዎች ላይ አነጠፈችውና ተቀመጠች።

«እህቴ፣ እዚህ ነፋስ ይመታሻል» አሉ ጌዴዎን። «የባለቤት ቦታም አይደለም።»

«ለእኔ ይስማማኛል» አለች።

የዮቪል ሴቶች እያለቀሱ ገቡና ጎንበስ እያሉ አቅፈዋት አለፉ። ኤልሳቤት መወልወያዋን እንደያዘች ቆማ ታያታለች። በለጥሽ ቀና ብላ አየቻት፤ ከፍራሹ ጠርዝ ፈቀቅ አለችና ባዶውን ቦታ በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው።

ኤልሳቤት መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች።