ከአጥሩ ሥር የተነሳው ድንጋይ

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ድርቅ ኮምቦልቻ መጋዘናችን ውስጥ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣ ነበር። ኃላፊው በቧንቧ ውሃ ተክል ማጠጣት ከለከለ። እኔ ዘበኛ ነበርኩ። በሩ አጠገብ የተከልኳት ዘይቱና ገና ከጉልበቴ አላለፈችም። በዚያው ሰሞን ታምሜ ደሴ ሆስፒታል ተኛሁ።

ከወር በኋላ ስመለስ ደርቃ አገኛታለሁ ብዬ ነበር። እሷ ግን ቅጠል ጨምራ ጠበቀችኝ። ሠራተኛው ከሶላት በፊት እየታጠበ ውዱእ የሚያደርግበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከአጥሩ ሥር ተነስቶ አጠገቧ ተቀምጧል።

"ማን አመጣው?" አልኳት የጽዳት ሠራተኛዋን ዘሀራን።

"እኔና ከፍያለው ነን፣ ጋሽ የሱፍ። ውሃው ድሮም ሜዳ ላይ ነው የሚፈሰው፤ ለእሷ ይፍሰስ ብለን ነው።"

"ከፍያለው ጴንጤው? ውዱእ ጀመረ?"

"ከምሳ በኋላ እጁን እዚሁ ይታጠባል። ሥሯን እንዳይጎዳ ብዬ ሳሙና ከለከልኩት፤ ወጥ ወጥ እየሸተተ ይውላል።"

"አላህ ይስጥልኝ" አልኩ።

የዙህር ሶላት ሲደርስ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው ከእግሬ ወርዶ ሥሯ ዘንድ እስኪደርስ አየሁት።