አከራይዋን ያዳነው የጽሑፍ ፕሮግራም

የሬዲዮ ድራማ ጸሐፊው የዛሬውን ክፍል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካላስረከበ ዳይሬክተሩ ድራማውን ለተቀናቃኙ ሊሰጥበት ነው። ተቀናቃኙ ደግሞ እጁ የገባውን ገጸ ባሕርይ ሁሉ በልብ ድካም የሚገድል ሰው ነው።

ጸሐፊው ግን ከጠዋት ጀምሮ አንድ መስመር አልጻፈም። የሚጽፍበትን ፕሮግራም እየመረጠ ነበር። የድሮው የጽሑፍ ፕሮግራሙ ማለዳ ላይ «ፈቃድዎን ያድሱ» ብሎ ቢዘጋበት ቱግ አለና «ከእንግዲህ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ያልሆነ ፕሮግራም እዚህ ኮምፒውተር ላይ ድርሽ አይልም!» ብሎ ማለ። መማሉስ ቀላል ነበር። ክፍት የሆኑት ግን መዓት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ኢንተርኔት ላይ አንገቱን የሚሰጥላቸው ደጋፊ አላቸው።

አንዱን ቢጭን ፊደሉን ሁሉ ባዶ ሳጥን አድርጎ ደረደረለት። ሌላው ከአዝራሩ ብዛት ሊነሳ የተዘጋጀ አውሮፕላን መሰለ። ጥቁር ስክሪን ያለውማ ሊዘጋው ሲል አላስወጣም አለው፤ አዝራሩን ሁሉ ቢጫን፣ ቢቆጣ፣ ቢለማመጥ፣ ወይ ፍንክች! ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ተገላገለ፤ እንደገና ከፍቶም ሌላ መሞከሩን ቀጠለ።

ጡረታ የወጡት አዋላጅ አማቱ ሶፋው ላይ ሹራብ እየሠሩ ይታዘቡታል። የድራማው ቀንደኛ አድማጭ ናቸው፤ ያለፈው ክፍል ያበቃው የድራማዋ አከራይ ታማ በአምቡላንስ ስትወሰድ ነው።

«አከራይዋ ትድናለች ወይስ አትድንም?»

«እማማ፣ እሱን አሁን አይጠይቁኝ። የስክሪኑን ቀለም እየመረጥኩ ነው።»

«ሴትዮዋ ኦክስጅን ላይ ናት እኮ! አንተ ቀለም ትመርጣለህ?»

«አረንጓዴው ዓይን አያደክምም ይላሉ።»

«ተወኝ እባክህ! ዕድሜዬን ሙሉ ሳዋልድ፣ የአንሶላው ቀለም አልጣመኝም ብላ ምጧን ያቆየች አላየሁም።»

ስልኩ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ነው።

«የት ደረስክ ወንድሜ?»

«ሊያልቅ ነው... አከራይዋ...» ብሎ ዞር ሲል አማቱ ሹራቡን አስቀምጠው አፍጥጠውበታል። «አከራይዋ ከቃሬዛው ላይ ብድግ ብላ የአምቡላንሱን ሹፌር ልክ ልኩን እየነገረችው ነው» አለ፣ ከየት እንዳመጣው ሳያውቅ።

«ቆንጆ! ቶሎ በል።» ዘጋው።

አማቱ ወንበር ስበው ተጠጉ። «ምን አለችው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ታዲያ ማን ይወቅልህ? ጻፋ!»

ከተከፈቱት መስኮቶች አንዱን ጎትቶ መጻፍ ጀመረ። አከራይዋ ሹፌሩን ሰደበች፤ ሐኪሙን ሰደበች፤ ሊጠይቃት የመጣውን ተከራይ ደግሞ የበሩን እጀታ ስለ መስበሩ አልጋዋ ላይ ሆና ፈረደችበት። አማቱ በትከሻው በኩል እያነበቡ «እሰይ! ጨምርለት!» ይላሉ። ዘጠኝ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ላከው።

ዳይሬክተሩ እየሳቀ ደወለ። «ሴትዮዋን እንዳትነካብኝ! የሚቀጥሉትንም ክፍሎች አንተው ጻፍ። ቆይ ግን፣ እኛም ቢሮ ፕሮግራም ልንቀይር ነው። በየትኛው ነው የጻፍከው?»

ጸሐፊው ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። ነጭ ገጽና የአከራይዋ ስድብ ብቻ፤ የፕሮግራሙ ስም የትም የለም።

«እ... አንዴ ላጣራ። እግረ መንገዴንም ከሌሎቹ ጋር ላወዳድረውና...»

ማውሱን ሲይዝ አማቱ እጁን በሹራብ መሥሪያው ቸብ አደረጉት።

«ንካውና!»