የአያሌው ቁልቁለት

«ለመላው የማኅበራችን አባላት፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለወዳጆቻቸው በሙሉ፤ ከሥራ አስፈጻሚው የተላለፈ መግለጫ» ሲል ጀመረ በፈቃዱ። የማኅበሩ ጸሐፊ ነው። ድምፁን እንደ ዜና አንባቢ አወፍሮ በቴሌግራም የላከው መልእክት ነበር። «በመጪው ቅዳሜ ለምናደርገው ታሪካዊ ጉዞ እያንዳንዱ ተሳታፊ ሁለት ካልሲ ደርቦ እንዲለብስ ሥራ አስፈጻሚው በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ከሱፍ ቢሆን ይመረጣል። እናመሰግናለን።»

ታደለች መልእክቱን የሰማችው ቨርጂኒያ፣ ላንድማርክ ሰፈር ባለው አፓርታማዋ፣ ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ስትልጥ ነው። ካልሲው አላሳሰባትም። ያሳሰባት ታሪኩ ነበር።

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከፍሬድሪክ ከተማ አልፎ፣ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር፣ የዊትመር ኮረብታ የሚባል ቦታ አለ። ተራራ ብሎ የሚጠራው የለም፤ እንጦጦን የወጣ ሰው ኮረብታ ለማለትም ያፍራል። ድሮ ዊትመር የሚባል ከብት አርቢ ነበረው። ላሞቹ ቁልቁለቱን ጠልተው አንግጥም ሲሉት፣ ሰውየው ተናዶ ለመንደሩ ሰጠው። መንደርተኛው የአሮጌ ካሚዮን ሞተር ከላይ ተከለ፤ ገመድ አሰረበት፤ ልጆቹ ገመዱን ጨብጠው ወደ ላይ እየተሳቡ በበረዶው ላይ ቁልቁል መንሸራተት ጀመሩ። ኋላ ደግሞ ሌላ ቦታ አርጅቶ የተነቀለ ሊፍት አምጥተው አቆሙ። ሁለት ሁለት ሰው የሚያስቀምጡ ወንበሮች በሽቦ ላይ ተንጠልጥለው እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ይዞራሉ። ቦታው እስከ ዛሬ ባለሀብት የለውም። የመንደሩ ሰው በተራ በነፃ ያገለግላል፤ አንዱ ትኬት ይቆርጣል፣ አንዷ ሾርባ ታሞቃለች፣ ሌላው ሊፍቱን ያንቀሳቅሳል። ታደለች ይህን የሰማች ዕለት «ታዲያ እድር ነው በሉኛ» አለች። ከዚያ ወዲህ ሐበሻው ሁሉ ቦታውን «እድሩ» ይለዋል።

ሐበሻው ማለት የሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግና የቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ የበረዶ ሸርተቴ ወዳጆች ማኅበር ነው። መሥራቹ የታደለች ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አያሌው ነበር። ታክሲ ይነዳ ነበር። አንድ የጥር ቅዳሜ ከአየር ማረፊያ የጫነው ደንበኛ ዊትመር ውሰደኝ አለው፤ ወሰደው። ማታ ሲመለስ አውራ ጣቱ በጀሶ ተጠቅልሏል። «ምን ሆንክ?» ሲሉት «ስኪ» አለ። ሌላ ምንም አላለም። የቀረውን ሰው ሞላለት። ወሬው በሳምንቱ ሜሪላንድ፣ ላንግሊ ፓርክ ሲደርስ፣ አያሌው ከገደል ዘሎ በአንድ እግሩ ያረፈ ሰው ሆኖ ነበር። ጀሶው እስኪፈታ ድረስ፣ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ጣቱን እንደ ሜዳልያ እያገላበጠ ያይ ነበር።

እውነቱን የምታውቀው ታደለች ብቻ ናት። አያሌው ስኪ የሚሉትን የበረዶ መንሸራተቻ በእጁም አልነካም። የደንበኛውን ሻንጣ ሊያወርድ ከታክሲው ሲወጣ ፓርኪንጉ ላይ አዳልጦት ወደቀ፤ በቃ። አልጋ ላይ ሆኖ ነግሯታል፤ «ነገ ለሰው አስተካክላለሁ» ብሏትም ነበር። በነጋታው ግን በፈቃዱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣና «ጋሼ አያሌው፣ እኛንም ይዘኸን ሂድ!» አለ። ማኅበሩ እንዲህ ተመሠረተ። አያሌውም አስተካክላለሁ እንዳለ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሮ፣ ካቻምና በልብ ሕመም አረፈ።

ዘንድሮ ኮረብታው መንሸራተቻ ከሆነ ሃምሳ ዓመቱን ይዟል። የመንደሩ ሰዎች ሊቀመንበር፣ ዌይን የሚባለው ፂማም ሽማግሌ፣ በዚሁ በዓል አንደኛውን ቁልቁለት በአያሌው ስም ልንሰይመው ነው ብሎ ለታደለች ልጅ ለዮዲ ደወለላት። ዮዲ ስልኩ ላይ አለቀሰች። ትምህርት ቤት ሳለች ስለ ጀግናሽ ጻፊ ሲሏት የጻፈችው ስለ አባቷና ስለዚያ ገደል ነው። የነርስነት ፈተና ሁለቴ ወድቃ ለሦስተኛ ጊዜ ስትቀመጥም «ዳዲ ያንን ወርዶ እኔ ወረቀት ልፍራ?» ብላ ነው የገባችው።

ታደለች እንቅልፍ ያጣችው በዚህ ነው። ማኅበርተኞቹ ሃያ ዓመት የተንሸራተቱ፣ ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ሰው ከሞተ በኋላ ደግሞ አፍ ይፈታል። ቅዳሜ ማይኩ ሲዞር አንዱ ተነስቶ «እኔ እንኳ ጋሼ አያሌው ሲንሸራተት አይቼው አላውቅም» ቢልስ? ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ቢነሳ ይነሳ፤ ዮዲስ በምን ፊቷ ትቆማለች?

ሽንኩርቱን አስቀምጣ ለበፈቃዱ ደወለች።

«በፌ፣ የቅዳሜው ንግግር ባይበዛስ?»

«እትዬ ታደለች! ለጋሼ አያሌው አንሶ ነው እንጂ!»

«ብርድ ነው ብዬ ነው። ምግቡም ይቀዘቅዛል።»

«ምግቡን ተዉት፣ ይሞቃል። ቨርጂኒያዎች እነመስፍንን ተናጋሪ አድርገው፣ እኛ ሜሪላንዶች አፋችንን ይዘን እንቁም? ይህንንማ አይፍረዱብን።»

ታደለች ስልኩን ዘግታ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ሁለቱ ወገኖች መሃላቸው ወንዝ ባይፈስ ኖሮ አንድ ሰው ነበሩ፤ ወንዙ ግን ይፈስሳል። ገና በመጀመሪያው ዓመት የሠሩት ሥርዓትም ይህንኑ ያከበረ ነው። ጉዞው ከጥምቀት በኋላ፣ ከነነዌ ጾም በፊት ባለው ቅዳሜ ይሆናል፤ ፍስክ እንዲሆን። ፍስክ ከሆነ ዶሮ ወጥ አለ፤ ዶሮ ወጥ ካለ ጠባቂ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጠዋት የሲልቨር ስፕሪንግ ወንዶች ስኪ ተከራይተው ሲወጡ የአሌክሳንድሪያዎቹ ከኮረብታው ሥር ባለው ሎጅ ውስጥ ምግብ ይጠብቃሉ፤ ከሰዓት በኋላ ይቀያየራሉ። ሴቶቹ ከምድጃው አጠገብ አይነሱም። የወጡት ትከሻቸው ላይ በረዶ ይዘው፣ ወገባቸውን ደግፈው ይመለሳሉ።

«እንዴት ነበር?»

«ተወኝ! ጉልበቴን ጨረሰው።»

ጠያቂው ራሱን ይነቀንቃል። ነገሩ የገባው ሰው ነዋ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀኑ ታሪካዊ ስለሆነ በየመኪናቸው መሄዱ ቀርቶ፣ አውቶቡሱ ከላንድማርክ ተነስቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የቀሩትን ጫነ። ሁሉም ሁለት ካልሲ አድርጓል፤ የአንዳንዱ ጫማ አልገባ ብሎ ተረከዙን ረግጦት ነው የወጣው። ገና ሀይዌይ ሳይገቡ ምስክርነቱ ተጀመረ።

«እኔ ያየሁትን ልናገር» አለ መስፍን፣ መቀመጫው ላይ በጉልበቱ ቆሞ ወደ ኋላ ዞሮ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጎማ ቤት አለው፤ ድምፁም ጎማ ቤት የለመደ ነው። «አያሌው ሲወርድ ጭልፊት ነበር። ጭልፊት! አየሁት ስትል የለም።»

«አንተ ሳታየው የቀረኸውን እኛ ከታች አይተነዋል» አለ በፈቃዱ።

ጋሼ ገብረሥላሴ ከፊት ወንበር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከማኅበሩ ሁሉ ታላቅ ናቸው። «ሲታጠፍ ወደ ግራ ያደላ ነበር» አሉ በርጋታ። «ብዙ ሰው አያስተውለውም።»

አውቶቡሱ ሙሉ አስተውሎት እንደነበር ታወቀ።

ታደለች መስኮቱን ስታይ ቆየች። መጀመሪያ እፎይ አለች። ፍሬድሪክ ሲደርሱ ግን ሌላ ሐሳብ ገባባት። ይህ ሁሉ ሰው አየሁ ካለ፣ ምናልባት ተምሮ ይሆን? ከእሷ ተደብቆ? ስንት ዓመት አብራው ተኝታ፣ ጉንፋኑን ሳይቀር የምትቆጥር ሴት ሳለች፣ ወደ ግራ ማድላቱን ከጋሼ ገብረሥላሴ ትስማ? ሟቹን ትንሽ ተቀየመችው።

«ማሚ፣ ኦኬ ነሽ?» አለች ዮዲ።

«ደህና ነኝ። አባትሽ ወደ ግራ ያደላ ነበር አሉ።»

«አይ ኖው! ሰማሁ!» አለች ዮዲ፣ ዓይኗ እያበራ።

በዚህ ዓመት ሰማይ የሰጠው በረዶ የለም። ኮረብታው ቡናማ ነው፤ ማሽን የተፋው በረዶ ብቻ ከአናቱ እስከ እግሩ እንደ ተዘረጋ ነጠላ ወርዷል። ከታች በጨርቅ የተሸፈነ ሰሌዳ ቆሟል። የመንደሩ ሰው ከነልጅ ልጁ ወጥቶ ቆሞ ይጠብቃል። ዌይን ማይኩን ያዘና ስለ ዊትመርና ስለ ላሞቹ፣ ስለ ካሚዮኑ ሞተር፣ በረዶ ጠፍቶ ሊዘጉት ስለነበረበት ዓመት ተናገረ። ያን ዓመት እንኳ አንድ አውቶቡስ የሚሞላ ሰው ሳይቀር የመጣው ከአያሌው ማኅበር ነው አለ። ዮዲ ለእናቷ በጆሮዋ ትተረጉምላታለች።

«ሃያ ዓመት ከእኛ ስኪ ተከራይተዋል» አለ ዌይን፤ «አንድ ቀን ጭረት አድርገውበት አያውቁም። እንዲህ ያለ ተንሸራታች እኔ አላየሁም። ስለዚህ ንግግሩን እናሳጥርና ሰሌዳውን ከመግለጣችን በፊት፣ በአያሌው ቁልቁለት የመጀመሪያዎቹ ወራጆች እነሱ ይሁኑ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ከመንደሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ወዲያው ስኪውን እያመጡ የማኅበርተኛውን እግር ያስገቡ ጀመር።

«ቨርጂኒያዎች ይቅደሙ» አለ በፈቃዱ። «የሟች ጎረቤት ናቸው።»

«ኧረ ምን በወጣን!» አለ መስፍን። «ጸሐፊው እያለ?»

«ግዴለም፣ ዛሬ የእናንተ ቀን ነው።»

«ጋሼ ገብረሥላሴ ይቅደሙ ከተባለ አንቃወምም።»

«ታላቅ የሚቀድመው ወደ ማዕድ ነው» አሉ ጋሼ ገብረሥላሴ፣ አንድ እግራቸው ስኪ ውስጥ ገብቶ።

ታደለች ይህን ሁሉ ይሉኝታ ነው ብላ አለፈችው። ሰው ለበር እንኳ ግቡ፣ አይ እርስዎ ይግቡ ይባባላል። መንደርተኛው ግን በር ላይ መቆም አያውቅም፤ እየደገፈ ወንበሮቹ ላይ አስቀመጣቸው። በፈቃዱ ከጋሼ ገብረሥላሴ ጋር መጀመሪያ ወጣ፤ የቀሩት ተከተሉ፤ መስፍን መጨረሻው ላይ ለብቻው ደረሰው። እግራቸው ረጃጅም ስኪ እንዳንጠለጠለ ወደ ላይ ተሳቡ። ማንም ወደ ታች አላየም።

ዮዲ ስልኳን አውጥታ ወደ ቁልቁለቱ አነጣጠረች። ሕዝቡ አንገቱን ሰገገ። ነጩ ቁልቁለት ላይ ምንም የለም። ቆየ። አሁንም ምንም የለም። ልጆቹ «የት አሉ?» ማለት ጀመሩ።

ከዚያ አንዲት ትንሽ ልጅ በጣቷ አመለከተች፤ ወደ ቁልቁለቱ ሳይሆን ወደ ሽቦው።

የመጀመሪያው ወንበር አናቱን ዞሮ ወደ ታች እየመጣ ነበር። በፈቃዱና ጋሼ ገብረሥላሴ አናቱ ላይ ሳይወርዱ እንደ ሄዱ ተቀምጠዋል፤ የፊት ለፊቱን ብረት በአራት እጅ ጨብጠዋል። ከእነሱ ጀርባ ያሉት ሁለቱም ተቀምጠዋል። ከዚያ ኋላ ያሉትም። እየወጣ ያለው መስፍን ከሚወርዱት ጋር አናቱ አጠገብ ተገናኘ።

«ምነው ተመለሳችሁ?» አለ መስፍን። ኮረብታው ጸጥ ስላለ ድምፁ ኩልል ብሎ ይሰማል።

«ንፋስ አለ» አለ በፈቃዱ።

ንፋስ አልነበረም።

«አንተ ውረድ እንጂ፣ እናይሃለን!» አለ በፈቃዱ እያለፈ፣ አንገቱን ጠምዝዞ።

መስፍን አናቱ ላይ ደረሰ። ከታች ሆነው ሁሉም አዩት። ወንበሩ ዞረ፤ መስፍንም ከወንበሩ ጋር ዞረ። በዚህ መሃል አሮጌው ሊፍት ሲጥጥ ብሎ ቀጥ አለ፤ ሁሉም በአያሌው ቁልቁለት አናት ላይ በያሉበት ተንጠለጠሉ።

«መስፍን!» አለ በፈቃዱ። «ሃያ ዓመት ከሰዓት በኋላ የት ነበር የምትውለው?»

«መኪናዬ ውስጥ፣ ሂተር ከፍቼ። አንተስ?»

«ከማሽን ቤቱ ጀርባ። ግድግዳው ይሞቃል።»

«እኔ እኮ እናንተ ሜሪላንዶች ትንሸራተታላችሁ ብዬ…»

«እኛም እናንተን ነበር።»

«በትከሻችሁ የምትይዙት በረዶስ?»

«ዝም በሉ» አሉ ጋሼ ገብረሥላሴ። «ድምፅ ቁልቁል ይወርዳል።»

ወርዶ ነበር። ታደለች ጓንቷን አውልቃ መልሳ አጠለቀች። ዮዲ ስልኩን ዝቅ አድርጋ ወደ ሽቦው፣ ከዚያ ወደ እናቷ አየች። የመንደሩ ሰው ቋንቋውን ባያውቅም ነገሩ የገባው ይመስላል፤ ማንም አልሳቀም።

«ማሚ» አለች ዮዲ ቀስ ብላ። «ዳዲስ?»

ታደለች ሰሌዳውን አየች፤ በጨርቁ እንደተሸፈነ ነው። ከዚያ ልጇን አየች።

«አባትሽ» አለች፣ «እዚያ ድረስም አልወጣም።»

ዮዲ አፏን በጓንቷ ያዘች። ትሳቅ ታልቅስ ከጎን ሆኖ ለማወቅ አይቻልም ነበር። ዌይን ወደ ሊፍቱ ቤት ሄዶ የሚሠራውን ሰው በእጁ ገለል አደረገና ማንሻውን ራሱ ያዘ። ወንበሮቹ እንደገና ተንቀሳቀሱ፤ ዌይን ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ብቻ በሚያደርገው ቀርፋፋ አካሄድ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያን ሁለት ሁለት እያደረገ አወረዳቸው።