ኮባልት ጥድፊያ አይወድም

አንድ የአሲድ ፋብሪካ ጓሮ፣ ከፍሳሽ ገንዳው ጋር የሚውለውን ሰው ባልደረቦቹ «ጋሽ እንቁላል» ይሉታል። ሰው ሲጣደፍ ባየ ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስለሚል ነው። ሥራውም ይህንኑ ይጠይቃል። አሲዱ ሲመረት ሥራውን የሚያፋጥነው ኮባልት የተባለ ብረት ሟሙቶ፣ የፋብሪካውን ፍሳሽ ውሃ ሮዝ አስመስሎ ገንዳው ውስጥ ይገባል። እሱ ሁለት ላሜራ ይነክርና ጥቂት ኤሌክትሪክ ይለቅበታል። ያ ዓይን የማያየው ብረት ከውሃው እየወጣ አንደኛው ላሜራ ላይ ይለጠፋል፤ ውሃውም እየጠራ ይሄዳል። ስንት ዓመት አይቶት እንኳ ዛሬም ይደንቀዋል።

ቤቱ ሲገባ ግን ትዕግሥቱ ከጫማው ጋር በር ላይ ይቀራል። አንድ ልጁ ትዳሯን ትታ ሻንጣዋን ይዛ ከመጣች ወዲህ አፏ ተለጉሟል። እሱ ደግሞ ራት በቀረበ ቁጥር ባልሽ ምን አደረገሽ፣ መታሽ ወይ፣ ለምን አትናገሪም እያለ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣታል። ትናንት ሳህኗን ገፍታ ተነሣች። ዛሬ ጠዋት ሻንጣዋ ተዘግቶ በሩ ሥር ቆሞ ሲያይ፣ ልትሄድብኝ ነው እያለ ወደ ሥራ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ገንዳው አጠገብ፣ ኤሌክትሪኩን የሚሰጠው ትራንስፎርመር ጉርምርምታ አባበለውና ሸለብ አደረገው። በሕልሙ ልጁ ሮዙ ውሃ ውስጥ ነበረች፤ ቃሎቿ እንደ ጨው ሟሙተው ዙሪያዋን ይዞራሉ። ቶሎ ላውጣቸው ብሎ ኤሌክትሪኩን ጨመረ፣ አሁንም ጨመረ። ቃሎቿ ግን ጥላሸት እየሆኑ ከእጁ ረገፉ።

ሲነቃ እጁ የእውነት የኤሌክትሪኩ ማዞሪያ ላይ ነበር፤ በእንቅልፍ ልቡ ጨምሮታል። ላሜራው ላይ ሲያብረቀርቅ የነበረው ብረት ጠቁሮ፣ ዱቄት ሆኖ ገንዳው ሥር ወርዷል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው። ማዞሪያውን ዝቅ አድርጎ፣ ዱቄቱን እንደገና ሊያሟሟው ሲለቅም አመሸ።

ራት ላይ ያው ጥያቄ ጉሮሮው ድረስ መጣ፤ ዋጠው። በምትኩ የዕለቱን ሥራ እንዴት እንዳበላሸ፣ ባልደረቦቹም «እንቁላሉ ዛሬ ሮጠ» ብለው እንደሳቁበት አወራላት። ከንፈሯ ጫፍ ላይ ፈገግታ ያየ መሰለው። ሻዩ ቀዘቀዘ።

«አባዬ፣» አለችው በመጨረሻ፣ «ዛሬ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«አለሁ፣ ልጄ» አላት።

ተነሥታ ሻንጣዋን ወደ ክፍሏ መለሰችው። ተመልሳ አጠገቡ ተቀመጠችና «መጀመሪያ ላይ እኮ ደግ ነበር» ብላ ጀመረች።